«ወራጅ አለ!» ሲል ማሽኑ የሚቆምለት ልጅ፦ ስለ ጀሞው ፀጉር ቤት

ጀሞ 1 አካባቢ የምትኖሩ እናቶች፣ ወንድ ልጅ ካላችሁና ልጁም እንደኔው «እንቢ» ማለት የሚቀናው ከሆነ፣ ይቺን አንብቡልኝ። ስለ አንድ ፀጉር ቤት ነው የምጽፈው። ስም የለውም። ከበሩ በላይ «የወንዶች ፀጉር ቤት» ይላል፣ በቃ። ሰው «ከዳቦ ቤቱ ጎን ያለው» ነው የሚለው። ሦስት ወንበር፣ አንድ አግዳሚ፣ ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን። ከውጭ ሲያዩት ከሌላው ፀጉር ቤት ምንም አይለይም። እኔ ግን ልጄን ይዤ ከተመላለስኩ ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ሌላ ቦታም አልሄድም።

ልጄን ካላወቃችሁት ለምን እንዲህ እንደምል አይገባችሁም።

4 ዓመት ተኩል ሆኖታል። ኬጂ 1 ነው። ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ የመጀመሪያ ቃሉ «እኔ ራሴ» ነው። ካልሲውን ራሱ ያደርጋል፣ ተረከዙ ወደ ላይ ዞሮ ካልተመቸው ያወልቅና እንደገና ያደርጋል፣ እኔ ሰዓት እያየሁ እጄን ስዘረጋ «እንቢ፣ ራሴ!» ብሎ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ዳቦ ቆርሼ ከሰጠሁት ጉድ ፈላ። ሙሉውን ነበር የፈለገው። «መልሺው!» ይለኛል። የተቆረሰ ዳቦ እንዴት ይመለሳል?

ታክሲ ውስጥ ደግሞ «ወራጅ አለ» የሚለው እሱ ነው። ሌላ ሰው ከቀደመው ያ ቀን አለቀለት። አንድ ጊዜ ከኋላ የተቀመጡ አባት ቀድመውት «ወራጅ!» አሉ። ለቅሶውን ሲሰሙ ደንግጠው «በል አንተ በል የኔ ጌታ፣ እኔ አልወርድም» አሉትና ከኛ በኋላ ወዳለው ፌርማታ ሄዱ። ከዚያ ወደ ኋላ በእግራቸው ሲመለሱ አየኋቸው። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ሰው «ልጅሽ ደረቅ ነው» ይለኛል። «አንድ ቀን ጠበቅ አድርገሽ ቅጪው፣ ይተዋል።» ልጄ ክፉ አይደለም። ግቢ ውስጥ ልጅ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚሮጠው እሱ ነው። ብስኩት ካለው ያካፍላል። ብቻ የራሱ ጉዳይ ላይ ሳይጠየቅ እጅ ሲገባበት አይወድም። እኔስ እወዳለሁ እንዴ?

ወደ ፀጉሩ ልምጣ።

3 ዓመት ሊሞላው አካባቢ አንድ ትልቅ ፀጉር ቤት ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም። መስታወት በመስታወት የሆነ፣ የሚያብረቀርቅ ቤት ነው። አስተካካዩ አየት አደረገውና «ያዢልኝ» አለኝ። ያዝኩት። ቶንዶሱ እዝዝ ብሎ ጆሮው ጋ ሲደርስ ዘለለ። ሌላ ልጅ መጥቶ እግሩን ያዘ። ሦስተኛው ጭንቅላቱን። «ዝም ካላልክ ጆሮህን ነው የምቆርጠው» አለው አንዱ እየሳቀ። የ3 ዓመት ልጅ ይሄ ቀልድ መሆኑን በምን ያውቃል? አመነው። እስኪያስመልሰው አለቀሰ። ግማሽ ራሱ ተቆርጦ ግማሹ ቀርቶ ነጠላዬን አከናንቤው ወጣን። ሒሳቡን ግን ሙሉውን ከፍያለሁ። ያን ቀን ልጄን ይዤ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ እጄ እጁ ላይ ነበር፣ ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ከቀኝ ጆሮው ኋላ ክብ ነገር ወጣ። የሳንቲም ያህል ነው። ይፈረፈራል፣ ፀጉሩም እዚያ ቦታ ላይ ከሥሩ ተሰባብሯል። ቆረቆር። ከዚያ ቤት ይሁን ከመዋያው አላውቅም፣ ሐሰት አልናገርም። ቆረቆር በማበጠሪያም፣ በኮፍያም፣ በትራስም ከልጅ ወደ ልጅ ይሄዳል። ግን እዚያ ቤት ማሽኑ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ሲያልፍ ማንም ሲያጸዳው አላየሁም። አክስቴ ነጭ ሽንኩርት እሺው አለችኝ፣ አሸሁት፣ አቃጠለው፣ ተቆጣ። ሐኪሙ ሲያየው ነው ነገሩ የገባኝ። ፈንገስ ነው፣ የፀጉሩ ሥር ድረስ ስለሚገባ ቅባት ብቻውን አያድነውም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል አለኝ። ግሪሲዮፉልቪን አዘዘ፣ ለ8 ሳምንት፣ ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር፣ እንደዛ ሲሆን ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። «ድኗል ብለሽ መሀል ላይ እንዳታቋርጪ» ብሎም አስጠነቀቀኝ። 56 ቀን። «እንቢ» ለሚል ልጅ 56 ማታ መድኃኒት መስጠት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ዳነ። ፀጉሩም ተመልሶ በቀለ። ግን «ፀጉር ቤት» የሚለውን ቃል ሲሰማ አልጋ ሥር መግባት ጀመረ። እኛ ደግሞ ማታ ሲተኛ በመቀስ መቁረጥ ጀመርን። አባቱ የስልኩን መብራት ይይዝልኛል፣ እኔ ትንፋሼን ውጬ ቀጭ ቀጭ አደርጋለሁ፣ ሲገላበጥ ሁለታችንም እንደ ሌባ ቆመን እንቀራለን። እንዲህ እያልን 7 ወር አሳለፍን። አንድ ጠዋት ተነስቶ ራሱን ዳበሰ። ትራሱ ላይ የቀረ ፀጉር አየ። «ማነው የነካኝ?» አለኝ። አልተቆጣም፣ ቀስ ብሎ ነው የጠየቀኝ። አንጀቴን በላው። ከዚያ ቀን በኋላ መቀሱን አላነሳሁም። ፀጉሩ አደገ፣ ተንጨባረረ፣ ማበጠሪያም እንቢ አለ።

ጎረቤቴ ናት ያንን ፀጉር ቤት የነገረችኝ። «ልጁን ያናግረዋል» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ማክሰኞ ከሰዓት ሄድን። ሰው አልነበረም። ልጄ በሩ ላይ ሲደርስ መቃኑን በሁለት እጁ ያዘ። አስተካካዩ ወጣት ነው፣ 25 ቢሆነው ነው። ከመቀመጫው አልተነሳም። «እህቴ፣ ዛሬ አንቆርጥም» አለኝ። ልጁን ጭራሽ አላየውም። ቶንዶሱን አንስቶ በትንሽ ብሩሽ መጥረግ ያዘ። ዝም። ቴሌቪዥኑም ጠፍቶ ነበር። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ቆየት ብሎ ከበሩ ድምፅ መጣ። «ምን እያደረግክ ነው?»

«ጥርሱን እያጠብኩለት ነው።»

አንድ እርምጃ ገባ። «ይነክሳል?»

«ፀጉር ነው የሚበላው። ሥጋ አይወድም።» ይህን ብሎ አበራውና የገዛ ክንዱ ላይ አስኬደው። ከዚያ አጥፍቶ፣ መያዣውን ወደ ልጁ አዙሮ፣ መዳፉ ላይ ዘርግቶ ያዘለት። ልጄ ማጥፊያና ማብሪያውን አገኘ። አበራ፣ አጠፋ። አበራ፣ አጠፋ። ሲበራ በእጁ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ከንፈሩን ነክሶ ይይዘዋል፣ ሲያጠፋው ቀና ብሎ ያየኛል። 20 ጊዜ ቢሆን ነው። ከዚያ ራሱ መለሰለት። «ጥሩ ነው» አለው። ወጣን። ብር ስሰጠው «ምን ሠራሁና?» ብሎ እንቢ አለ።

ሐሙስ ተመለስን። አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን፣ ታገሱኝ።

ለልጆች ጣውላ አለችው። በወንበሩ ግራና ቀኝ ክንድ ማሳረፊያ ላይ ያጋድማታል፣ ልጁ እሷ ላይ ሲቀመጥ ራሱ ከመስታወቱ ጋር እኩል ይሆናል። ልጄ ጣውላዋን ራሱ አጋደመ፣ ራሱ ወጣ። አስተካካዩም «ከቀኝ ጆሮ ነው ከግራ የምንነሳው?» ብሎ ጠየቀው። «ከግራ።» «ቁጥር 2 ነው ቁጥር 3?» ሁለቱን ማበጠሪያ መሳይ ነገሮች አሳየው። ቁጥር 2 ወደ 6 ሚሊሜትር ይተዋል፣ ቁጥር 3 ወደ 10። ልጄ ቁጥር 3ን መረጠ፣ ትልቅ ስለሆነች። እዚያ ተቀምጬ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ይህ ሰው «እንቁረጥ?» ብሎ አንድም ጊዜ አልጠየቀም። «እንቁረጥ?» ካልከው ልጄ «አይ» ነው የሚልህ፣ ከዚያ ወይ ትዋሻለህ ወይ ትታገለዋለህ። እሱ የጠየቀው በየትኛውም መልስ ሥራው የሚቀጥልበትን ነው፣ ግን ደግሞ የውሸት ጥያቄ አልነበረም፣ ግራ ሲለው ከግራ ነው የጀመረው።

ከዚያ ልጄ «ከፈለግኩ እወርዳለሁ» አለ። ድምፁ ተንቀጥቅጧል።

«መውረድ ስትፈልግ ታክሲ ውስጥ ምንድነው የሚባለው?»

ዓይኑ ሲበራ በመስታወቱ ውስጥ አየሁት። «ወራጅ አለ!»

«በቃ። እንደሱ ካልክ ይቆማል።»

ጀመረ። ሁለት ጊዜ እንኳ ሳያስኬደው «ወራጅ አለ!» ማሽኑ ጠፋ። እጁን ወደ ኋላ ሳበ፣ ቆመ። «የት ነው?» «እዚህ ጋ።» ጠበቀው። ልጄ ጆሮውን ነካ ነካ አደረገ። አለ። «ሂድ» አለው። ማሽኑ ተነሳ። ጥቂት ቆይቶ «ወራጅ አለ!» እንደገና ቆመ። እኔ ቆጥሬያለሁ፣ 11 ጊዜ አስቆመው። አግዳሚው ላይ የሚጠብቁ አንድ ጎልማሳ ሰው «አቦ አሁንስ ጨርሰው፣ እየተጫወተብህ እኮ ነው» አሉ። አስተካካዩ ሳይዞር «ጋሼ፣ ይሄ መኪና ተሳፋሪው ሲል ነው የሚቆመው» አላቸው። በአክብሮት ነው ያለው። ሰውየው ዝም አሉ። እኔ እንባዬ መጣ፣ ስልኬን ያየሁ መስዬ አቀረቀርኩ።

40 ደቂቃ ፈጀ። አንድ ጠብታ እንባ የለም፣ የልጁን ማለቴ ነው። ሲጨርስ «ሒሳብ» አለና እጁን ዘረጋ፣ ልጄም ብሩን ከኔ ተቀብሎ ራሱ ሰጠው።

በሚቀጥለው 6 ጊዜ አስቆመው። ከዚያ 2። አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ መጨረሻ ላይ፣ ሲያልቅ። እንደሚቆምለት ካወቀ ምን ያስጮኸዋል?

ቤትም ሞከርኩት። ጥርስ ማጠብ ላይ «ከላይ ነው ከታች የምንጀምረው?» ሠራ። ገላ መታጠብ ላይ «ወራጅ አለ» ሲል ውሃውን ማጥፋት ሠራ፣ ዓይኑ ውስጥ ሳሙና እንዳይገባ ነበር የሚፈራው ለካ፣ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ጫማ ላይ አልሠራም። ጠዋት ሰርቪስ ታች ሆኖ ክላክስ እያደረገ ምርጫ ማቅረብ አይቻልም፣ አንዳንድ ቀን ተሸክሜው እየጮኸ ነው የምወርደው። መንገድ መሻገር ላይም ወራጅ የለም። እጁን እይዛለሁ፣ አለቀ።

ስለ ንጽሕናው ልናገር፣ ምክንያቱም ቆረቆር ያየ ቤት ይህን ሳይጠይቅ አይገባም። በየሰዉ መሀል የቶንዶሱን ጥርስ በብሩሽ ጠርጎ አልኮል ይነፋበታል፣ ትንሽ ይጠብቃል። የአንገት ፎጣው የሚጣል ወረቀት ነው። ምላጭ ፊቴ ነው ከወረቀቱ የሚያወጣው፣ ያገለገለውን ደግሞ ሰብሮ ይጥለዋል። ምላጭ ቀልድ አይደለም፣ ጉበት ከሚያጠቁት ቫይረሶች በደም የሚተላለፉ አሉ። ብዙ ቤት ያለችው ሰማያዊ መብራት ያላት ሳጥን እሱም ጋ አለች፣ ግን ሳይጠርግ አያስገባም። መብራቱ የሚያገኘው ፊት ለፊት ያለውን ብቻ ነው፣ ፀጉርና ቆሻሻ ከሸፈነው ዋጋ የለውም። እኔ ቢሆንም የራሴን ማበጠሪያ ይዤ እሄዳለሁ። ቅር አላለውም።

የማይወደድ ነገርም አለው፣ ልደብቅላችሁ አልፈልግም። ቅዳሜ ከሰዓት አትሂዱ። የእንግሊዝ ኳስ አለ፣ ቴሌቪዥኑ እስከ ጥግ ይከፈታል፣ የአርሰናልና የማንቼ ደጋፊ ይጯጯሃል፣ ጎል ሲገባ አስተካካዩ ራሱ ቀና ይላል። ለልጅ አይሆንም። የበዓል ዋዜማ ደግሞ ሰው እስከ በረንዳው ድረስ ነው። ቀጠሮ በስልክ ይይዛል፣ ግን ሁልጊዜ በሰዓቱ አይደርስልህም። መጸዳጃ ቤት የለም፣ ልጁን ከቤት አስሸንታችሁ ውጡ። መጨረሻ ላይ አንገት ላይ የሚነፋው ሽቶ ያቃጥላል፣ ቀድማችሁ «ይቅር» በሉት። መብራት ሲጠፋ ቻርጅ ያለው ማሽን አለው፣ እሱም ከደከመ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። የልጅ 150 ብር ነው፣ የአዋቂ 200። ለልጅ ውድ ነው የሚል አለ። ከአዋቂ ሦስት እጥፍ ጊዜ የሚወስድበትን ልጅ ነው በ150 የሚሠራው።

አንድ ነገር ልጨምር። አምና ክረምት እናቴ ከደብረ ብርሃን መጣች፣ የድሮ ፎቶም ይዛ መጣች። ወንድሟ በልጅነቱ፣ ራሱ ዙሪያውን ተላጭቶ መሀል ላይ ቁንጮ ቀርቶለት። ልጄ ፎቶውን ይዞ ቀረ። «እኔም እንደዚህ» አለ። እናቴ ደስታዋን አትጠይቁኝ። በነሱ ጊዜ ቁንጮ የሚተወው እርግብግቢቱን እንዲሸፍንለት ነው ትላለች። የብዙ ልጆች እርግብግቢት እስከ ዓመት ተኩል ድረስ ይገጥማል፣ የልጄ ከገጠመ ቆይቷል፣ ግን እሱን ማን ይሰማል? ትምህርት ዝግ ስለነበር እኔም ተውኩት።

ፎቶውን ራሱ ይዞ ሄደ። አስተካካዩ ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዞረና ብዙ ቆየ። «ይሄን ቆርጬ አላውቅም» አለው። «አብረን እንሞክር፣ አንተ ከፎቶው ጋር እያስተያየህ ንገረኝ።» ልጄ ጣውላው ላይ ሆኖ ፎቶውን በአንድ እጁ፣ በሌላው መስታወቱን እያሳየ፣ «እዚህ ትልቅ ነው፣ ቀንስ» እያለ መራው። የቡና ስኒ አፍ የምታክል ቁንጮ ቀረችለት። ክረምቱን በሙሉ በሷ አሳለፈ፣ ዝናብ ሲመታው መጀመሪያ የሚሸፍነው እሷን ነበር።

ጳጉሜን ላይ፣ አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል፣ «አሁን ትቆረጥ» አለ። ማንም ምንም አላለውም። ሄድን። አስተካካዩ ቁንጮዋን በመቀስ ከቆረጠ በኋላ መሬት አልጣላትም። በሶፍት ጠቅልሎ ሰጠው። ልጄም ኪሱ ከተተና ወደ ቀረው ፀጉር እያመለከተ «ሂድ» አለው።

ማክሰኞና ረቡዕ ከሰዓት ሰው ይቀንሳል፣ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ብትሄዱ ጥሩ ነው። ከዳቦ ቤቱ በስተቀኝ፣ አረንጓዴ በር። በመጀመሪያ ቀን ልጁ ካልፈለገ አስተካካዩ አይቆርጥም፣ ስለዚህ ነገ በዓል ነው ብላችሁ በዋዜማው አታምጡት። ከበዓሉ 10 ቀን ቀደም ብላችሁ ሂዱ። ዝርዝር ብርም ያዙ፣ ልጁ ራሱ መክፈል ሊፈልግ ይችላል።